ሳይነቃነቁ መድከም

የሰው ልጅ ሥጋውን ለማበርታት ከፈለሰፋቸው ድካሞች ሁሉ ይልቅ እኔን እጅግ የሚያስገርመኝ፣ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይነቃነቁ የሚደክሙት ድካም ነው። የሚሮጥ ሰው ቢያንስ ከአንዱ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይደርሳል፤ ብረት የሚያነሣም ሰው ብረቱ ከምድር ተነሥቶ ከራሱ በላይ መዋሉን ያየ ሁሉ ይመሰክርለታል፤ ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚታየው ወጣትም፣ ምንም እንኳ በመጨረሻ የሚቆመው ከጀመረበት ደረጃ ላይ ቢሆን፣ ላቡና ኮቴው ምስክሮቹ ናቸው። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በሌለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከሰዓት ላይ የተከለ ሰው ግን ምን ሠራ ይባላል? ከነበረበት አልራቀም፤ ያነሣው ዕቃ የለም፤ የተደገፈው ግድግዳም እንደ ጥንቱ በቦታው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ያየ መንገደኛ፣ «ምስኪን፣ ወገቡን ይዞት ነው» ቢል እንጂ፣ «ኃይሉን እያዳበረ ነው» አይልም።

የሚብሰው ደግሞ የፊዚክስ ሊቃውንት ከመንገደኛው ጋር መስማማታቸው ነው። በእነርሱ ሕግ ሥራ የሚባለው ኃይሉ ዕቃው በተጓዘበት ርቀት ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ርቀቱ ዜሮ ከሆነ፣ ኃይሉ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ብዜቱ ያው ዜሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከነግህ እስከ ሠርክ ግድግዳ ሲገፋ ውሎ፣ ልብሱ በላብ ርሶ፣ ጉልበቱ ተብረክርኮ ቢወድቅ፣ በመዝገባቸው ላይ የሚጻፍለት «ሥራ አልሠራም» የሚል ነው። እኔ በመሥሪያ ቤት ፋይል ፊት ተቀምጬ ጠጉሬን ያሸበትሁ ሰው በመሆኔ፣ ይህ ሕግ ከተማርሁት ትምህርት ሁሉ ይልቅ ለልቤ የቀረበ ነው። አንዲት ማመልከቻ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሳትሻገር ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ሁላችንም ወገባችንን ይዘን «ኧረ ዛሬስ ደከመን!» እየተባባልን የምንወጣበትን ምሥጢር እስከዚያ ድረስ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም ነበርና። ርቀቱ ዜሮ ነው፤ ድካሙ ግን ሐሰት አይደለም።

ሐሰት አለመሆኑን የሚያስረዱት የሥጋን ጠባይ የሚመረምሩት ሌሎቹ ሊቃውንት ናቸው። በጡንቻ ውስጥ እጅግ የረቀቁ ክሮች አሉ፤ ማዮሲን የሚሉት ክር ራሶቹን ዘርግቶ አክቲን የሚሉትን ክር ይይዛል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ዳግመኛ ይይዛል፤ ለያንዳንዱም መያዝና መልቀቅ ኤቲፒ ከሚባለው የሥጋ ስንቅ ይከፍላል። ክንዱ በውጭ ሲታይ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ በውስጡ ይህ መያዝና መልቀቅ ለቅጽበት ስንኳ አያቋርጥም። ከዚህም ጋራ የጡንቻው ክሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሥራ አይሰለፉም፤ በማኅሌት ሌሊት በቀኝና በግራ የቆሙት መዘምራን እየተፈራረቁ እንደሚያዜሙ ሁሉ፣ አንደኛው ወገን ሲዝል ሌላው እየተተካ ሸክሙን ይቀባበሉታል። ሌሊቱ በረዘመ ቁጥር ግን ያልተጠራው ይጠራል፣ ያረፈው በቅጡ ሳያርፍ ይመለሳል፤ እጅግ ከባድ ነገር ካልመጣ በቀር የማይነሡት ትልልቆቹ ሳይቀሩ ይቀሰቀሳሉ፤ ያን ጊዜ ዜማው ይዛነፋል፣ ጭኑም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በብርቱ የተኮማተረ ጡንቻ የገዛ ራሱን የደም ሥሮች ስለሚጫን ደም እንደ ልብ አይገባለትም፤ ከሥራው የተረፈውም ነገር ቶሎ አይወጣለትም፤ የሚለበልበው ሕመም የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ጡንቻን የሚያሳድገው ዋናው ነገር ይህ ውጥረት ነው እንጂ ብረቱ የሄደበት መንገድ ርዝመት አይደለም። ጡንቻ ዓይን የለውምና ብረቱ ተነሣ አልተነሣ ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ የገለጠልኝ የእኅቴ ልጅ ነው፤ እርሱም በአንድ ጂም አሠልጣኝ ሆኖ የሚሠራ፣ ክንዱ ከእኔ ጭን የሚወፍር፣ አነጋገሩ ግን እጅግ የለዘበ ወጣት ነው። ሐኪም የደሜን ከፍ ማለት አይቶ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ጨው እንድቀንስና ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ ባዘዘኝ ሰሞን ሊጠይቀኝ መጣ፤ የሐኪሙንም ቃል በጥሞና ከሰማ በኋላ፣ «ጋሼ፣ መድኃኒቱንም መራመዱንም አይተዉ፤ ግን እስቲ ደግሞ ሳይንቀሳቀሱ የሚሠሩትን ላሳይዎት» አለኝ። ዘመኔን ሙሉ እንዲህ ያለውን ስፖርት ስመኝ ስለ ኖርሁ ሁለተኛ እስኪለምነኝ አልጠበቅሁም።

ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር የነበረውን ወንበር ወደ ጥግ ገፍቶ በቦታው እኔን አቆመኝ። ጀርባዬን ከግድግዳው አጣበቀ፤ እግሮቼን ወደ ፊት ፈቀቅ አደረጋቸው፤ ከዚያም ጭኔ ከወለሉ ጋር ትክክል ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ ታች አንሸራተተኝና፣ «አሁን ይቀመጡ» አለ። «በምን ላይ?» ብለው፣ «በራስዎ ላይ» አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሴኮንዶች የትዕቢት ናቸው፤ ሰው በእነርሱ ውስጥ ስለ ጤፍ ዋጋ ሊያወራ፣ «ይኸው ነው እንዴ?» ብሎም ሊሣለቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ከጉልበት ከፍ ብላ አንዲት የሞቀች ነጥብ ትፈጠራለች፤ ቀስ በቀስም እየሰፋች ጭኑን ሁሉ ትወርሰዋለች። ሠላሳው ሲያልፍ ወሬው ያልቃል። ዐርባው ላይ በቤቱ ውስጥ ነፋስ ሳይኖር የሱሪዬ ጨርቅ ሲርገበገብ አየሁ፤ ከግድግዳ ሰዓታችን ላይ ያለችው ቀጭን ዘንግም ከአንዲቱ ሴኮንድ ወደ ሌላዪቱ ለመሻገር ፈቃድ የምትጠይቅ ሆነች። ትንፋሼን እንደያዝሁ ያስተዋለው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ! ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም» ብሎ ስላዘዘኝ፣ ፊደል እንደሚያስቈጥሩት ሕፃን ድምፄን ከፍ አድርጌ ስቆጥር የጎረቤታችን እማማ ለቡና ገቡ። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ፤ ልጁንም አዩት፤ ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ምነው ልጄ፣ በዚህ ዕድሜህ ማን ቀጣህ?» አሉኝ።

በእማማ መፍረድ አይቻልም። በእኛ ዘንድ ሰው ከግድግዳ ተጣብቆ፣ ወይም እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሳይነቃነቅ ከታየ፣ ቅጣት ላይ ነው ማለት ነው። በእኔ ዘመን ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ትምህርቱን ያላጠና፣ ወይም በመምህሩ ጀርባ የሣቀ፣ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ወደ ላይ እንዲዘረጋ ይታዘዛል፤ ክፉ መምህር የሆነ እንደሆነ በተዘረጋው እጅ ላይ መጽሐፍ ይጨምርበታል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር እጆች ሁሉ ዝቅ ይላሉ፤ ወደ ተማሪዎቹ ሲመለስ እንደገና ከፍ ይላሉ፤ ይህንንም ዛሬ የስፖርት ዐዋቂዎች በመካከሉ ዕረፍት ያለበት ልምምድ ይሉታል። ልጅን ከትምህርት የሚያጠላ ክፉ ልማድ ስለ ነበር አሁን አይመሰገንም፤ ነገር ግን ከክፍላችን ሁሉ ትከሻው የሰፋው ልጅ የቤት ሥራውን ሠርቶ የማያውቀው ልጅ እንደ ነበረ መሰወር አይገባም።

ባለቤቴ በበኩልዋ ቡናውን እየቀዳች የሰነዘረችው ተቃውሞ ከእማማ ጥያቄ ይልቅ የጠነከረ ነው። «መቆም ጡንቻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ለታክሲ የሚሰለፈው የአዲስ አበባ ሕዝብ ሁሉ ጀግና በሆነ ነበር» አለች። ለጊዜው መልስ ያጣሁለት ነገር ነው፤ የእኅቴ ልጅ ግን አላጣም። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ሸክሙን የሚሸከሙለት አጥንቶቹ ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው፣ ጉልበቱም ተቆልፎ፣ ጡንቻዎቹ ሚዛኑን ከመጠበቅ በቀር ብዙ አይደክሙም፤ ስለዚህ በሰልፍ የሚያልቀው ትዕግሥት ነው እንጂ ጭን አይደለም። ጉልበቱን ጥቂት ያጠፈ እንደሆነ ግን አጥንቱ ሸክሙን ለጡንቻው ያስረክባል። ማንም ሰው ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄደው ታክሲ ሰልፍ መካከል ጉልበቱን አጥፎ ለመቆየት ቢሞክር፣ የነገሩን እውነትነት ከአንድ ደቂቃ በፊት ይረዳዋል፤ ምናልባትም ሰልፈኛው አዝኖለት ተራ ይለቅለታል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የመጠን ነው፤ ጡንቻ የሚበረታው ከዐቅሙ ብዙ የሚያንሰውን ነገር ሲይዝ በመዋል አይደለም፤ ወይ ሸክሙ ወደ ዐቅሙ ዳርቻ መቅረብ አለበት፣ ወይ ደግሞ ሸክሙ መጠነኛ ሆኖ ክንዱ «በቃኝ» እስኪል ድረስ መቆየት አለበት። የከተማ አውቶቡስ ውስጥ ብረት ጨብጦ ከፒያሳ ሣሪስ የሚወርድ ሰው ሁለቱንም አያደርግም፤ ይልቁንም አንድ ወንበር ሲለቀቅ ሮጦ ይቀመጣል።

እማማ ግን ስለ ጭን የተነገረውን ሁሉ አልፈው ወደ ራሳቸው ነገር ሄዱ። በሰሙነ ሕማማት ሲሰግዱና ሲቆሙ መዋላቸውን፣ በትንሣኤ ሌሊትም እንዲሁ በመቋሚያ ተደግፈው ማደራቸውን ነገሩን፤ ከዚያም አባታችን ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ በቀረው እግር ሰባት ዓመት መቆማቸውን፣ ገድሉ እንደሚተርከው አድርገው አወሱ። እኔም በ459 እ.ኤ.አ. በሶርያ ያረፈውን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዓምድ ላይ የኖረውን ስምዖን ዘዓምድን ላነሣ አስቤ ተውሁት። ለእነዚያ አባቶች መቆም የነፍስ ነገር ነበርና፣ ደሙ ስለ ጨመረና ሆዱ ስለ ገፋ ከግድግዳ የተለጠፈ ሰው ስማቸውን ለማስረጃ ቢጠራ ድፍረት ይሆንበታል። ይሁን እንጂ የእማማን እርጋታ ሳይ፣ ከእኔና ከአሠልጣኙ ይልቅ ስለ ነገሩ የሚያውቁት እርሳቸው እንደ ሆኑ አልተጠራጠርሁም።

ሳይነቃነቁ ኃይልን ማሳየት በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የክሮቶኑ ሚሎ፣ በኦሊምፒያ በትግል ስድስት ጊዜ አክሊል የተቀዳጀው፣ ጥጃን በሬ እስኪሆን ድረስ ስለ መሸከሙ ብዙ ይወራለታል፤ ጽርዓውያን ጸሐፊዎች ከተረኩለት ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ይህ አይደለም። ሚሎ አንዲት ሮማን በመዳፉ ይዞ ይቆማል፤ የፈለገ ሁሉ መጥቶ ሊያስለቅቀው ይታገላል፤ ማንም አያስለቅቀውም፣ ሮማኗም አትፈርጥም። ደግሞ ዘይት በተቀባ ዲስክ ላይ ቆሞ ገፍተው እንዲጥሉት ይፈቅዳል፤ አይወድቅም። ያችን ሮማን ያለ ድካም ትወስድበት የነበረች ወዳጁ ብቻ ነበረች ብሎ ከእነርሱ አንዱ ጽፏል፤ ይህንን ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ሶምሶንም ቢሆን በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ቆሞ ሲገፋ የጀመረው ይህንኑ ሥራ ነበር፤ ምሰሶዎቹ ባይነቃነቁ ኖሮ የፊዚክስ ሊቃውንት ለእርሱም ዜሮ ይጽፉበት ነበር።

በ1888 እ.ኤ.አ. የተወለደው አሌክሳንደር ዛስ የመድረክ ስሙን ከዚሁ ከሶምሶን የተዋሰ ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሩስያ ሲዋጋ ቆስሎ በኦስትሪያውያን እጅ ተማረከ፤ በእስር ቤት እጅና እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ፣ ብረት ማንሣት ስለማይችል ያሰረውን ሰንሰለት ይስብ፣ የመስኮቱን ብረት ይገፋ ጀመር። በዚህም በረታ፤ በመጨረሻም አመለጠ። ኋላ በለንደን ቲያትሮች እየተዟዟረ ፈረስ በትከሻው ተሸክሞ ሕዝቡን ያስደንቅ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የሠራው ሥራ ግን ከማምለጡ ይልቅ ያስተዛዝባል፤ ትምህርቱን በፖስታ ቤት በኩል ሲሸጥ ከመጽሐፉ ጋራ የሚሳብ ሰንሰለትም አደረገበት። በጠላት እስር ቤት በነጻ የተሰጠውን ሰንሰለት ለወዳጆቹ በዋጋ ያቀረበ ነጋዴ ከእርሱ በቀር አላውቅም።

የሳይንሱ ተራ የደረሰው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። በጀርመን አገር በዶርትሙንድ ሄቲንገርና ሙለር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ አንድ ሰው ካለው ኃይል ሁለት ሦስተኛውን ያህል ተጠቅሞ በቀን አንድ ጊዜ ለ6 ሴኮንድ ብቻ ቢገፋ ኃይሉ በሳምንት 5 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ጻፉ። በቀን 6 ሴኮንድ! በዓለም ያለ ሰነፍ ሁሉ በዚያን ሰሞን የተሰማውን ደስታ መገመት አያዳግትም፤ ይህ ጫማ ለማሠር ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነውና። ኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ዕድገቱን ያን ያህል ፈጣን ሆኖ አላገኙትም፤ የምሥራች ግን ከማስተባበያ ይልቅ ይሮጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ።

በአሜሪካ የሆነው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በፔንሲልቬኒያ ክፍለ ሀገር በዮርክ ከተማ ቦብ ሆፍማን የሚባል የክብደት ማንሻ ብረት ነጋዴና የመጽሔት ባለቤት ነበረ፤ ከእርሱም ጋር ጆን ዚግለር የሚባል ሐኪም ይሠራ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ዚግለር ቢል ማርችንና ሉ ሪኪን ለሚባሉ ክብደት አንሺዎች አዲስ ልምምድ ሰጣቸው፤ በማይነቃነቅ የብረት መደገፊያ ውስጥ ገብተው፣ የማይነሣውን ብረት ለጥቂት ሴኮንድ ባለ በሌለ ኃይላቸው እንዲገፉ ነው። ሁለቱ ሰዎች በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ተአምር በረቱ። ሆፍማንም በመጽሔቱ ነጋሪት አስመታ፤ የብረቱን መደገፊያና የትምህርቱን መጽሐፍ እያሠራ ሸጠ፤ በየትምህርት ቤቱና በየክበቡ ያለ ጎረምሳ ሁሉ ከማይነቃነቅ ብረት ጋር ሲፋጠጥ ከረመ። የጎረምሶቹ ፊት ቀላ፣ ጥርሳቸው ተፋጨ፤ እንደ ማርችና እንደ ሪኪ ግን አልሆኑም። ምክንያቱ ኋላ ተገለጠ፤ ዚግለር ከልምምዱ ጋር ሲባ የተባለው የስዊስ መድኃኒት ፋብሪካ ያወጣውን ዳያናቦል የሚሉትን ክኒን ይሰጣቸው ነበር። ተአምሩ ከብረቱ ይልቅ ከብልቃጡ ነበረ። ዚግለር ራሱ በስተርጅናው ያን ክኒን ወደ ስፖርት ማስገባቱን እየረገመ እንደ ኖረ ይነገራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝነኝ የልምምዱ ዕድል ነው። በመጀመሪያ ባልሠራው ሥራ ተመሰገነ፤ ቀጥሎም የክኒኑ ምሥጢር በወጣ ጊዜ ባልሠራው ኃጢአት ተኰነነ። ሰው ሁሉ «ማታለያ ነው» ብሎ ጣለው፤ ብረት መደገፊያዎቹም ልብስ ማስጫ ሆኑ። ዳሩ ግን ልምምዱ የሚገባውን ያህል፣ ከሚገባውም ሳይበልጥ፣ ይጠቅም ነበር። ሰው በያዘበት ቦታ ይበረታል፤ ጉልበቱን ዘጠና ዲግሪ አጥፎ የቆመ በዚያ ዲግሪና በዙሪያው ኃይል ያገኛል፤ ከዚያ ርቆ ሲታጠፍ ወይም ሲዘረጋ ግን ትርፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ በሁለት በሦስት ማዕዘን መያዝ ይገባል። ጡንቻውን ማወፈር የሚፈልግ ደግሞ ጡንቻው ተዘርግቶ በተወጠረበት ቦታ ላይ ቢይዝ ተኮማትሮ ካለበት ይልቅ ይጠቀማል። ጅማቱ ታሞ መንቀሳቀስ የሚያመውም ሰው ብዙ ጊዜ መያዙን ይችለዋል። ይህ ሁሉ ያለ ክኒን ነው።

ከሽያጩ ዘመን በኋላ ልምምዱ የተመለሰው ማንም ባልጠበቀው በር፣ በሐኪም ቤት በኩል ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሚታተመው የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ፣ ከ15,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 270 ጥናቶች አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ወጣ፤ ሩጫውም፣ ብረቱም፣ ሁሉም የደም ግፊትን እንደሚቀንሱ፣ ከሁሉም ይልቅ ግን ሳይነቃነቁ መያዝ እንደሚበልጥ አገኘ፤ የላይኛውን ቁጥር በ8 ያህል፣ የታችኛውን በ4 ያህል ያወርዳል። የላይኛውን በማውረድ በኩል ከልምምዶቹ ሁሉ ፊት የተገኘው ያው እማማ ቅጣት ያሉት የግድግዳው መቀመጥ ነው። ሥርዓቱም ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሁለት ደቂቃ አራት ጊዜ፣ በመካከሉ ዕረፍት እያደረጉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ለጀማሪ ሁለት ደቂቃ የዘለዓለም ያህል ስለሆነ ከፍ ብሎ በመቀመጥ ይጀመራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የእኅቴ ልጅ ይቆጣኛል። በሚይዙበት ሰዓት የደም ግፊቱ ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ትንፋሽ ከታፈነ ደግሞ ይብሳል፤ የሚወርደው በሳምንታት ውስጥ፣ ዕረፍት ላይ ሲለካ ነው። ስለዚህ ልቡን የሚታመም፣ ወይም ግፊቱ ገና ያልተገዛለት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ከግድግዳ ጋር ግብግብ አይግጠም፤ የጀመረም ሰው የግፊት ክኒኑን ቀስ ብሎ ወደ መሳቢያ እንዳይሸሽግ።

ልክን ማወቅም ያስፈልጋል፤ ሁሉም ሰው ልኩን አያውቅምና። በክርንና በእግር ጣት ብቻ ምድርን ተደግፎ እንደ ሳንቃ መዘርጋት፣ ፕላንክ የሚሉት፣ ለእኔ ቢጤው አንድ ደቂቃ ከሞላ በቂ ነው። ዮሴፍ ሻሌክ የሚባል የቼክ አገር ሰው ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ለ9 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ተዘርግቶ ዋለ፤ አንድ ሰው ከጎጃም በረንዳ ተነሥቶ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ለመግባት የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። በሴቶች በኩል በ2024 እ.ኤ.አ. ክብረ ወሰኑን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያደረሰችው ዶናጂን ዋይልድ የምትባል የ58 ዓመት ካናዳዊት አያት ናት፤ በጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርትም ናት። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አልሁ፤ እነዚያ እጃችሁን አንሡ ይሉን የነበሩት መምህራን ራሳቸው ሞክረውት ቢሆን ኖሮ ምን ያህል እንደሚቆዩ በልጅነቴ እጠይቅ ነበርና፣ መልሱ ከካናዳ መጣልኝ።

ይህ ልምምድ ይህን ያህል ወጪ የሌለበት፣ መሣሪያ የማይጠይቅና ቦታ የማይሻ ከሆነ፣ ስለ ምን እንደ ሩጫው ጫማና እንደ ብረቱ በየአደባባዩ አይለፈፍም ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። የደረስሁበት ምክንያት የንግድ ነው። መቆምን ለብቻው የሚገዛ የለም። ስለዚህ ዛስ ሰንሰለት ጨመረበት፣ ሆፍማን የብረት መደገፊያ ጨመረበት፣ ሐኪሙም ክኒን፤ ከነጋዴዎቹ አንዱም «ግድግዳ አለህ፣ ጉልበትህን እጠፍ» ብሎ ሕዝቡን በነጻ አላሰናበተም። ግድግዳ ደግሞ በዚህች ከተማ የማንም ሰው ቤት ያለው ነገር ነው፤ የተከራየም ቢሆን ግድግዳው በኪራዩ ውስጥ ነው።

የእኅቴ ልጅ እንደሚነግረኝ፣ እርሱ የሚሠራበት ጂም ባለቤት ዘግይቶም ቢሆን ብልሃቱን አግኝቶለታል። በመስኮቱ አጠገብ ተሰብረው የቆሙትን የሩጫ ማሽኖች አስነሥቶ ግድግዳውን ነጭ ቀለም አስቀባው፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ ሰዓት ሰቀለ፣ በወር ክፍያውም ላይ ጥቂት ጨመረ። «ለግድግዳ?» አልሁት። «ለሰዓቱ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ሰውስ ይመጣል ወይ ብለው፣ በሥራ ቀን ግድግዳው ባዶውን እንደሚውል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ስለሚሰበሰብ ሰልፍ እንደሚሆን አጫወተኝ፤ ተራ የሚጠብቁትም ደንበኞች እግራቸው እንዳይደክም ከጽሕፈት ቤቱ የሚወጡትን ጥቂት ወንበሮች ይሻማሉ አለ።